የቁምሳጥኑ ላይኛው ግማሽ

እኔ ቶኪኤ አሪሙራ፣ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት፣ የሟቹ የካንሱኬ አሪሙራ ባለቤት፣ ዛሬ ሐሙስ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2024፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በሂኮኔ ከተማ በልጄ በሹንጂ ቤት ሰባተኛ ፎቅ፣ ትራስ ተደግፌ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። የዛሬ ሳምንት ሐኪሞች ደረቴን ከፍተው ልቤን ሊጠግኑ ቀጥረውኛል። የደከመው ልቤ ነው እንጂ አእምሮዬ አይደለም። የሚጠራጠር ካለ በዚህ ክፍል ውስጥ ስንት መሳቢያ እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ እነግረዋለሁ፤ አርባ ሰባት ነው። ውል አዋዋዩ አቶ ሆሳካ ተነሥተው ቆጠሩና አርባ ስድስት አሉኝ። ከግድግዳው ሰዓት ሥር ያለችውን ትንሿን አላዩዋትም።

ልጄና ምራቴ ወራሾች ስለሆኑ ሕጉ እዚህ እንዲቀመጡ አይፈቅድም፤ ምድር ቤት ወዳለው ሻይ ቤት ወርደው ይጠብቃሉ። ምስክሮቼ ሁለት ናቸው። አንደኛው አቶ ጊንጂ ቶኩማሩ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሱቃችን እንጨት ያደሰ፣ አሁን ጡረታ ወጥቶ ሰው ሲያነጥስ እንኳ አስተያየት የሚሰጥ አናጢ። ሁለተኛዋ ወይዘሪት ሚሳኦ ኒሺዋኪ ናት፤ የስፌት መምህርት የነበረች፣ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ። ታላቅ እህቴ ናት። ከተነጋገርን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል። ዛሬ ስትገባ ለአቶ ሆሳካ እጅ ነሣች፣ ለቶኩማሩ እጅ ነሣች፣ ለእኔም በዚያው ልክ እጅ ነሣችና ከበሩ አጠገብ ያለውን ወንበር መርጣ ተቀመጠች።

በመዝገብ ቤት የሚቀመጠውን ሰነድ አቶ ሆሳካ በሕጉ ቋንቋ አሳጥረው ያዘጋጃሉ። ይህኛው ግን ለልጄ የሚሰጥ ነውና እኔ ያልሁትም ሌላው የመለሰልኝም ሳይቀነስ እንዲጻፍ ለምኛቸዋለሁ። «ብዙ ወረቀት ይፈጃል» አሉኝ። ይፍጅ።

አስቀድሜ ስለ ጠባዬ ልናገር። እኔ የሰው መሳቢያ ከፍቼ ካላየሁ የማያስችለኝ ሴት ነኝ። ባለቤቴና እኔ አርባ አራት ዓመት አሮጌ ቁምሳጥን ስንገዛ፣ ስናድስና ስንሸጥ ኖረናል። ሌላው ነጋዴ ሸጦ ይረሳል። እኔ ግን በዓመቱ አንዲት ስጦታ በጨርቅ ቋጥሬ የገዛው ሰው ቤት እሄድና፣ አፌ «እንዴት ከረማችሁ» እያለ ዓይኔ ወደ ቁምሳጥኑ ይሮጣል። ምን እንዳስቀመጡበት ማወቅ አለብኝ። በኦሳካ አንድ ሩዝ ነጋዴ መዝገቡን ያኖርበት የነበረውን ቁምሳጥን ወጣት ባልና ሚስት የስፖርት ጫማ ደርድረውበት አገኘሁ፤ ሠላሳ አንድ ጥንድ፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ የራሱ መብራት በርቶለት። በኩሳትሱ አንድ የጥርስ ሐኪም ከመስታወቱ ጀርባ የሕመምተኞቹን የጥርስ ቅርጽ ሰልፍ አሲዞ እራት ጋበዘኝ። ያን ቀን የቀረበው የተብላላ የሐይቅ ዓሣ ነበር፤ እኔ የምወደው ምግብ ነው፤ ያ ሁሉ ጥርስ እያየኝ ግን መጉረስ አልሆነልኝም። አንዲት መበለት ደግሞ የሻይ ዕቃ መደርደሪያውን ለድመቷ ለቃለች። «እሱ ነው የመረጠው፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለችኝ። በአንዳቸውም አልተቆጣሁም። ሰው አሮጌ ዕቃ አዲስ ቤት ውስጥ አስገብቶ ምን እንደሚያደርገው ማየት ከትያትር ይበልጥብኛል።

እንግዲህ ወደ ንብረቱ እገባለሁ።

አንደኛ። በአሮጌው ጎዳና ያለው ሱቅና ከጀርባው ያለው የማደሻ ክፍል የልጄ የሹንጂ ነው። ሹንጂን በተመለከተ አንድ የቆየ ነገር አለኝ። ለሠርጉ የሰጠሁትን፣ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረውን የመርከበኞች ቁምሳጥን፣ ቴሌቪዥን ሊያስቀምጥበት ብሎ ጀርባውን ለሽቦ በመሰርሰሪያ በሳው። ከዚያም ደውሎ «እማዬ፣ ትንሽ ቀዳዳ ናት» አለኝ። ሄጄ አየኋት፤ ጡጫዬ ይገባባታል። ይቅር ብዬዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ሳላስጽፈው ብሄድ ሆዴ አይቆርጥም።

«ቀዳዳውን እኮ የደፈንኩት እኔ ነኝ!» አለ ቶኩማሩ።

«አንተ ምስክር ነህ፣ ዝም ብለህ መስክር» አልሁት።

ሁለተኛ። ባለርብራብ በሩ የወጥ ቤት ቁምሳጥን የምራቴ የቺሃሩ ነው። ወደዚህ ቤት የመጣ ቀን ቺሃሩ አፍንጫዋን ይዛ «እማማ፣ የሽማግሌ ሽታ አለው» አለችኝ። ሦስት ቀን አኮረፍኋት። በአራተኛው ቀን ማንም ሳያየኝ መሳቢያውን ከፍቼ አሸተትሁ፤ ልጅቷ ልክ ናት። ከዚያ በኋላ በጭድ አመድ አጥባ፣ በረንዳ ላይ አናፍሳ፣ ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ የኢንተርኔቱን ሳጥን ከአሮጌው መስታወት ጀርባ አስቀመጠችበት። ያ መስታወት በእጅ የተነፋ ነውና ወለል ያለ አይደለም፤ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ባለች ቁጥር እንደ ውኃ ይናወጣል። አመሻሽ ላይ ወንበሬን አዙሬ እሱን አያለሁ። ቺሃሩ ወስዳዋለች ብዬ ብናገርም ትክክሉ እሷው አድናዋለች ነው። ከዚህ ጋር አንድ ምክር፦ የዚህ ቤት ወለል በክረምት ከሥር ይሞቃል። ለእግር ደስ ይላል፣ አሮጌ እንጨት ግን ይሰነጥቃል። ከእያንዳንዱ ቁምሳጥን ሥር አራት ጣት የሚያህል መቆሚያ አስገቡለት፣ ከግድግዳውም መዳፍ ታህል አርቁት። መሳቢያ ስትዘጉም አትምቱት። በደንብ የተሠራ ከሆነ አንዱን ስትገፉ አየሩ ሌላውን ይከፍተዋል፤ ያን ጊዜ ተበላሸ ብላችሁ አናጢ እንዳትጠሩ።

ሦስተኛ፣ ዕዳዬ። በኪዮቶ የምትኖር አንዲት የሻይ መምህርት ቁምሳጥኗን አድሼ ስመልስላት ቁልፉ በስህተት በቀሚሴ ኪስ ቀረ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። በየዓመቱ ልመልስላት እያሰብሁ በየዓመቱ አፈርሁ። የቁልፉ መኖሪያ ከላይ ያልኋት ትንሿ መሳቢያ ናት። ሹንጂ ራሱ ይዞ ይሂድ፣ ለይቅርታ በግንባሩ ወለል ይንካ፣ ውስጡ ምን እንደነበረም ይጠይቃት። አሥራ አንድ ዓመት ያልተከፈተ ነገር ነው።

አራተኛ። እዚህ ላይ አቶ ሆሳካ ረቂቃቸውን ገለጡና «ቀጣዩ የቀብር ጉዳይ ነው» አሉ።

«ይቆዩኝ፣ ረቂቁ ላይ ያላስገባሁት ነገር አለ» አልኋቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። ውል አዋዋይ ከረቂቅ ውጭ ያለ ነገር አይወድም።

ነገሩ ከመስኮቱ አጠገብ ወለሉ ላይ የተቀመጠው የእናቴ ቁምሳጥን ባለመስታወት ላይኛ ግማሽ ነው። በወላጆቻችን ቤት ሳለ ባለአራት መሳቢያ ታችኛ ክፍል ነበረው፤ ሁለቱ ተደራርበው ከሰው ቁመት ይበልጡ ነበር። እናታችን በ1995 ስታርፍ፣ በአርባ ዘጠነኛው ቀን፣ የመታሰቢያው ጸሎት አልቆ ዘመድ ሁሉ ምግብ ላይ ሳለ ዕቃ መከፋፈል ጀመርን። ሚሳኦ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ጠየቀች።

«የምፈልገው የቁምሳጥኑን ታችኛውን ብቻ ነው» አለች።

«ቁምሳጥን ይከፈላል እንዴ? ወይ ሙሉውን ውሰጂ፣ ወይ ሙሉውን ተዪ!» አልኋት። ነጋዴ ነኝና ከጓደኛው የተለየ ግማሽ ምን ያህል እንደሚረክስ አውቃለሁ።

«ታችኛውን ብቻ።»

ያን ጊዜ ነው በዘመድ ሁሉ ፊት «ኪሞኖዎቹን ነዋ የፈለግሽው! አመዷ እንኳ ሳይቀዘቅዝ! ሌባ!» ያልሁት። ሚሳኦ ወደ ቁምሳጥኑ ሄደች። ተንበርክካ አራቱን መሳቢያዎች አንድ በአንድ እየሳበች የእናታችንን ኪሞኖዎች በሙሉ፣ ከነናፍታሊናቸው፣ ምንጣፉ ላይ ደረደረች። ባዶውን ብቻ አስጭና ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም።

ንዴቱ በአሥር ዓመት ውስጥ ወጣልኝ፤ ጥያቄው ግን አልወጣልኝም። ሰው ባዶ መሳቢያ ለመውሰድ ከእህቱ ጋር ለዘላለም ይጣላል? ለምን ባዶውን? የማላውቃቸውን ሰዎች ቁምሳጥን ልጎበኝ አገር የማቋርጥ ሴት የገዛ እህቴን መሳቢያ ሳላውቅ አረጀሁ።

ባለፈው ወር ወደዚህ ስዛወር ጫኞቹ ላይኛውን ግማሽ በጎኑ አስተኙት። በሕይወቴ በሺህ የሚቆጠር ቁምሳጥን ገልብጬ ሥሩን አይቻለሁ። ለገዢ ሁሉ «ፊቱን አትመኑ፣ ገልብጡት» የምለው እኔ ነኝ። የእናቴን ቁምሳጥን ግን አንድም ቀን ገልብጬ አላየሁም። የእናቴ ነዋ፣ ምኑን እመረምራለሁ?

የዚያን ጊዜ የከተማችን አናጢ ለሙሽራ የሚሠራውን ሁሉ በአንድ ልክ ይሠራ ነበር። በአንድ ወቅት ሦስት አራት ሙሽራ ስለሚይዝ፣ ላይና ታቹ እንዳይለዋወጥበት፣ ሁለቱ በሚገጥሙበት ባልታሸው ጣውላ ላይ በጥቁር ቀለም ምልክት ይስላል፤ ለአንዷ ጥድ፣ ለአንዷ ቀርከሃ፣ ለአንዷ የፕሪም አበባ። የአንዲት ሙሽራ ላይና ታች ምልክታቸው አንድ ነው። ከጎኑም የሙሽራዪቱን ቤትና ዓመቱን ይጽፋል። የእኔ ላይኛው ግማሽ ሥሩ ላይ የፕሪም አበባ አለበት፤ «ለኩማጋይ ቤት ልጅ፣ 1942» ይላል። ኩማጋይ የእናቴ ቤት ነው። ሚሳኦ ታችኛውን ባስጫነች ቀን፣ ዓይኔን እንባ ጋርዶት እንኳ፣ በአናቱ ላይ ያየሁት ጥድ ነበር። ጥድ ለመሆኑ እምላለሁ። ስለዚህ ታችኛው የሌላ ሙሽራ ነው። ሚሳኦ የተወለደችው በ1938 ነው። እናቴ ስታገባ ሚሳኦ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች ማለት ነው።

ጫኞቹ «እማማ፣ ወዴት እናስቀምጠው?» እያሉ ሲጠይቁኝ እኔ ምልክቱን በጣቴ እዳብስ ነበር።

ሹንጂ የድሮውን የቤተሰብ መዝገብ ከማዘጋጃ ቤት እናውጣ አለኝ። እናታችን ስትሞት ወረቀቱን ሁሉ የጨረሱት አጎታችን ነበሩ፤ እኔ ማኅተምሽን አሳርፊ ባሉኝ ቦታ ከማሳረፍ በቀር አንድ ገጽ አላነበብሁም። አሁን ግን ከወረቀት መስማት አልፈለግሁም። ከእሷ አፍ መስማት ፈለግሁ። ብጠራት እንደማትመጣም አውቃለሁ። ለሹንጂ ሠርግ ጠርቻት ቀርታለች፤ ለካንሱኬ ቀብር ጠርቻት አበባ ልካለች። ስለዚህ «የሕግ ምስክር ያስፈልገኛል» ብዬ ጻፍሁላት። ሚሳኦ ግዴታ ከሚባል ነገር ሸሽታ አታውቅም። በሦስተኛው ቀን «እመጣለሁ» የሚል የፖስታ ካርድ ደረሰኝ።

ይህን ሁሉ ስናገር ሚሳኦ ከበሩ አጠገብ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉን ታይ ነበር።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው፤ የቁምሳጥኑን ላይኛው ግማሽ ለታላቅ እህቴ ለሚሳኦ ኒሺዋኪ ሰጥቻለሁ።

አቶ ሆሳካ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ወይዘሮ አሪሙራ፣ ይሄማ አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም?»

«ምስክር ናቸዋ። ምስክር ከኑዛዜው አንዳች ነገር መውሰድ አይችልም። አስቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ…»

«ብነግርዎትማ አይፈቅዱልኝም ነበር። አሁን ምን ይሻላል?»

«ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ከምስክርነቱ ተነሥተው ሌላ ሰው ይፈለግና ዕቃውን ይወስዳሉ፤ ወይ ምስክር ሆነው ይቀሩና ዕቃው ይቀርባቸዋል።»

«ቆይ፣ እኔም ምስክር በመሆኔ ቀርቶብኛል ማለት ነው?» አለ ቶኩማሩ።

«አንተ ድሮም የማወርስህ አልነበረኝም» አልሁት።

ሁላችንም ወደ ሚሳኦ ዞርን። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት ድምፅ የሚመጣው አሁን ነበር።

«ምስክር ሆኜ እቀራለሁ» አለች።

«እትዬ፣ ላይኛውን አትፈልጊውም?»

«የኔ አይደለማ። የእናትሽ ነው።»

«ታውቂ ነበር?»

«የወለደችኝን እኮ ነው! እኔ ካላወቅኳት ማን ይወቃት?»

«ታችኛው የእሷ ነው?»

«የእሷ ነው። ሳንባዋን ታማ ስትሞት ሁለት ዓመቴ ነው። ፎቶ የላት፣ ማበጠሪያ የላት። ከሷ የቀረ ያ ብቻ ነው።»

ጠየቅሁ። ያን ሁሉ ዘመን የያዝሁትን ጠየቅሁ። «ታዲያ ባዶውን ለምን ወሰድሽ?»

«ውስጡ የነበረው የእናትሽ ልብስ ነዋ! የሰው ልብስ ይዤ ልሂድ?» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

ሁለት የተለያዩ ግማሾች እንዴት እንደተገናኙ ጠየቅኋት። ቃሏን እንዳለ አስጽፋለሁ።

«ጦርነቱ ያለቀ ክረምት ሩዝ ጠፋ። ቤታችን ሁለት ቁምሳጥን ጎን ለጎን ቆሞ ነበር፣ የሷና የእናትሽ። አባባ አንዱን ከገበሬ ጋር በእህል ሊለውጥ ተነሣ። የሟቿን ነዋ የሚወስደው፣ ማንም ቢሆን እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እናትሽ በሩ ላይ ቆመች። 'የልጅቷን እናት ዕቃ ጠራርገህ አታወጣም፣ ምን ይዛ ልታድግ ነው?' አለችው። ገበሬው ደግሞ ሙሉ ካልሆነ አልፈልግም ብሏል። ከዚያ የሟቿን ላይኛውን፣ የራሷን ታችኛውን አወጣች፤ የቀሩትን ሁለቱን ለኛ ደራረበች። ልካቸው አንድ ስለሆነ ገጠመ፣ ገበሬውም አላወቀ። ጋሪውን ከኋላ የገፋሁት እኔ ነኝ፣ በሰባት ዓመቴ። አንቺ እናትሽ ጀርባ ላይ ሆነሽ ትነፋረቂያለሽ።»

«ምን ይዛችሁ ተመለሳችሁ?»

«ግማሽ ጆንያ ሩዝና ስኳር ድንች። ይሄ መጠየቅሽ መቼም አይለቅሽም፣ አይደል?»

«ለምን አልነገርሽኝም? ያን ቀን በሰው ፊት ያን ሁሉ ስናገርሽ?»

«እናትሽ አስምላኛለቻ። 'ትንሿ ግማሽ እህት አለችኝ ብላ እንዳታድግ፣ ሁለታችሁም ከኔ ናችሁ' አለችኝ። ከሞተች ሁለት ወር ሳይሞላት ቃሏን ላፍርስባት? አንቺ ሌባ ስላልሽኝ ሌባ አልሆንም። እንዲያውም አንቺው ታዪዋለሽ ብዬ ነበር። ነጋዴ ነሽ፣ ዛሬ ትገለብጠዋለች፣ ነገ ትገለብጠዋለች ብዬ ጠበቅኩ። የቁምሳጥን አዋቂ ነኝ ትያለሽ፣ አንድ ቁምሳጥን ለመገልበጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብሽ!»

ቶኩማሩ ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። አቶ ሆሳካ መጻፍ አቁመው ነበርና ይጻፉ አልኋቸው። እኔ አለቀስሁ። ለራሴ አይደለም። በሩ ላይ ቆማ የሌላዪቱን ሴት መሳቢያ ላዳነችው እናቴ፣ ስድቤን ውጣ ቃሏን ለጠበቀችላት እህቴ አለቀስሁ። ከዚያም ግንባሬን እስከ ብርድ ልብሱ ዝቅ አድርጌ፣ በዘመድ ፊት ያልሁትን በምስክር ፊት አነሣሁ፤ ሌባ ያልሁሽ ሐሰት ነው፣ በድዬሻለሁ፣ ይቅር በዪኝ አልሁ።

«ቀና በዪ፣ ልቧን ታማለች ነው የተባልኩት» አለች ሚሳኦ። ወንበሯን አንሥታ ከበሩ ወደ አልጋዬ አመጣች።

«ከላዩ ምን አስቀመጥሽበት? ጥሬ ጣውላ ነው እኮ» አልኋት።

«ምንም። ጨርቅ አልብሼዋለሁ።»

«ውስጡስ?»

«እሱም ባዶ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የሷን ሽታ አገኝ እንደሆነ እያልኩ እከፍተው ነበር። የሚሸተው የእናትሽ ናፍታሊን ነው። ከዚያ እሱንም ለመድኩት።» ወደ መስኮቱ ሄዳ፣ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ ብላ፣ የእኔን ላይኛውን ግማሽ በመስታወቱ አየች። «ጉድ ነው! ኪሞኖ በመስታወት ውስጥ? ቶኪ፣ አብደሻል? ፀሐይ በልቶታል እኮ!»

«ታዲያ መሳቢያውን ማን ወሰደው?» አልኋት።

እውነቴን ነው። የጥርስ ሐኪሙን ስታዘብ የኖርሁት ሴት፣ እሷ ምንጣፍ ላይ ትታቸው የሄደችውን የእናቴን ኪሞኖዎች ማስቀመጫ አጥቼ እንደ ሱቅ ዕቃ በመስታወት ውስጥ አጭቄአቸው ነበር። ሚሳኦ አንዱን አውጥታ በስፌት አስተማሪ ዓይን ገለጠችው፤ እጥፋቱ ላይ ነጥቷል። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። እኔ ደረቴን ይዤ ሳቅሁ፤ ሐኪሙ ሳቅ ከልክሎኝ ነበር።

«ሹንጂ መኪና ይዞ ይምጣ» አለች። «ታችኛውን ያምጣውና ከዚህ ሥር ይግባ፣ ልብሱም ከፀሐይ ይውጣ። እናትሽ ራሷ የገጠመችው ነው። አቶ ሆሳካ፣ እንግዲያው የኔንም ኑዛዜ ይጻፉልኝ። ምስክሬ እሷ ትሁን።»

አቶ ሆሳካ እንደገና መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄም አይሆንም።»

«ደግሞ ለምን?»

«ባል የለዎትም፣ ልጅ የለዎትም፣ ወላጆችዎ አልፈዋል። ወራሽዎ እህትዎ ናቸው። ወራሽ ምስክር አይሆንም።»

«በአባት ብቻ ብንገናኝም?»

«ቢሆንም። ሕጉ ወራሽ ነው የሚላቸው።»

ሚሳኦ «ወራሽ» የሚለውን ቃል በከንፈሯ ደገመችው። በሰማንያ ስድስት ዓመቷ ወራሽ እንዳላት የሰማችው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሰማሽ? ልትወርሺኝ ከሆነ ሐሙስ ዕለት መሞት የለም» አለችኝ።

ስለዚህ አራተኛውን አንቀጽ ሰርዣለሁ። የቁምሳጥኑ ላይኛው ግማሽ ዛሬ ለማንም አልተናዘዘም። ከሆስፒታል ስወጣ ሁለታችን ተቀምጠን እንጨርሰዋለን። ባልመለስ ሹንጂ አክስቱን ይጠይቅ፤ እሷ የምትለው የእኔ ቃል ነው።

አምስተኛ። ቀብሬ ከካንሱኬ ጎን ይሁን፤ ድግሱ አጭር ይሁን። በአርባ ዘጠነኛው ቀን ዕቃ አትከፋፈሉ። ሰው ሆዱ ሞልቶ ልቡ አዝኖ ሳለ የሚናገረውን አያውቅም።

ይህን ቃሌን አቶ ሆሳካ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልን። እኔ የተናገርሁት መሆኑን አረጋገጥሁ። ቶኩማሩ ስለ እሱ ከተጻፈው ውስጥ «ሰው ሲያነጥስ» የሚለው እንዲወጣ ጠየቀ፤ አልፈቀድሁም። ወደ ምስክሮቹ ስም ሲደርሱ «ሁለተኛ ምስክር ወይዘሪት ሚሳኦ ኒሺዋኪ፣ በአባት በኩል የተናዛዧ እህት» ብለው አነበቡ። ሚሳኦ ማኅተሟን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ከቀይ ቀለሙ ነክራ ነበር። እጇ አየር ላይ ቆመ።

«ይሄን ማን ነገረዎት?» አለች።

«እርስዎ ራስዎ፣ አሁን።»

«እኔ የተናገርኩት ስለ ቁምሳጥን ነው። 'በአባት በኩል' የሚለው ይውጣ።»

አቶ ሆሳካ ወደ እኔ አዩ። እኔ እሷን አየሁ። ሁለት መስመር አሰመሩበት።

ተናዛዥ፦ ቶኪኤ አሪሙራ፤ በገዛ እጇ ፈርማ ማኅተሟን አሳርፋለች።

ቃሉን ሰምቶ የጻፈ፦ ውል አዋዋይ ሴይጎ ሆሳካ፤ ማኅተም።

አንደኛ ምስክር፦ ጊንጂ ቶኩማሩ፤ ማኅተም።

ሁለተኛ ምስክር፦ ሚሳኦ ኒሺዋኪ፤ ሁለት ቃል ተሰርዞ፣ በስረዛው ላይ የራሷ ማኅተም አርፎበት፣ የተናዛዧ እህት።